ተቀምጦ የማሸነፍ ጥበብ

በዋሽንግተንና በዙሪያዋ ባሉት የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ከተሞች የምንኖር ኢትዮጵያውያን፥ ከአገራችን ይዘነው የመጣነውን ልማድ አንዳንዱን እንደ ጠበቅን አንዳንዱንም በዚህ አገር ልማድ እንደ ለወጥን የታወቀ ነው፤ ከለወጥነው ሁሉ ግን እንደዚህኛው ያተረፈልን የለም። አሁን በክርስትናው ድግስ፥ በማኅበሩ፥ ይልቁንም በልቅሶ ቤት፥ የሟቹ ስም ሁለት ጊዜ ሳይነሣ፥ ካህኑም ገና ጸሎቱን ሳይፈጽሙ፥ ከወዲያ ማዕዘን አንዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ለመሆኑ ከኳርተርባኮች ሁሉ የሚበልጠው ማን ነው?» ይላል፤ ከዚያ በኋላ ድምፁን ዝቅ የሚያደርግ የለም።

አስተማሪዎቻችን አሜሪካውያን ናቸው። እነርሱ በጠጕር አስተካካዩ ወንበር ላይ፥ በመሥሪያ ቤት የምሳ ሰዓት፥ በሐኪም ቤት መጠበቂያ ክፍል ሳይቀር ይህንኑ ሲከራከሩ ከጥቁር ጠጕር ወደ ሽበት ተሻግረዋል፥ ክርክሩንም ለልጆቻቸው አውርሰዋል። እኔም ሰላም ፈልጌ በተቀመጥሁበት ሁሉ ይህ ጥያቄ ተከትሎ ስለሚያገኘኝ፥ ብሸሸው ካልሆነልኝ ባመሰግነው ይቀለኝ እንደ ሆነ ብዬ፥ ለዚህ ክርክር የሚገባውን ውዳሴ ላቀርብለት ተነሣሁ።

የነገሩን ሥር ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ላስረዳ። በአሜሪካ ፉትቦል በየወገኑ ዐሥራ አንድ ሰው ይሰለፋል፤ ኳርተርባክ የሚባለው፥ ሴንተር የተባለው ጓደኛው ጐንበስ ብሎ በእግሮቹ መካከል ወደ ኋላ የሚያቀብለውን ኳስ ተቀብሎ የሚወረውር ወይም ለሚሮጠው የሚሰጥ ነው። ኳሱ የተቃራኒው ወገን በሆነ ጊዜ ግን ኳርተርባኩ ከነጓደኞቹ ከሜዳ ወጥቶ ወደ አግዳሚው ወንበር ይሄዳል፥ በእነርሱም ፈንታ ሌሎች ዐሥራ አንድ ተከላካዮች ይገባሉ። ይህን የአግዳሚ ወንበር ነገር አንባቢ በልቡ ያኑርልኝ፤ ምሥጢሩ በኋላ የሚገለጠው ከዚህ ነውና።

አስቀድሞ የክርክሩን ጽናት ማመስገን ይገባል። የአባቶቻችን የቅብዐትና የጸጋ ክርክር ከጎንደር ዘመን ጀምሮ ሊቃውንቱን ሲያለያይ ነገሥታቱንም ሲያስጨንቅ ኖሮ፥ በ1870 ዓመተ ምሕረት አፄ ዮሐንስ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ አድርገው ቈረጡት። ይህኛው ክርክር ግን ቦሩ ሜዳ የለውም፥ እንዲኖረውም የሚሻ የለም፤ ጉባኤው የሚፈታው አንዱ ሲረታ ሳይሆን ቡናው ሲያልቅ ነው።

መለኪያው ቀለበት ነው። ሱፐር ቦውል በተባለው የመጨረሻ ግጥሚያ ላሸነፈው ቡድን አባላት ቀለበት ይሰጣቸዋል፤ ቶም ብሬዲ ከኒው ኢንግላንድ ጋር ስድስት፥ ከታምፓ ቤይም ጋር በ43 ዓመቱ አንድ፥ በድምሩ ሰባት ስላገኘ፥ ወገኖቹ ነገሩ በዚህ ተፈጸመ ይላሉ። የጆ ሞንታና ወገኖች ደግሞ የእርሱ አራት ከሰባቱ ይበልጣል ይላሉ፤ ብሬዲ ዐሥር ጊዜ ደርሶ ሦስቱን ተሸንፏል፥ ሞንታና ግን አራት ጊዜ ደርሶ አራቱንም አሸንፏልና። ይህ ትምህርት ረቂቅ ነው፤ በመጨረሻው ግጥሚያ ከመሸነፍ ወደዚያ ሳይደርሱ መሸነፍ እንደሚሻል ያስተምራል፤ ስለዚህ የሞንታና ቡድን በጃኑዋሪ 1987 (ከዚህ ጀምሮ ዓመቱ ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ነው) በኒው ዮርክ ጃያንትስ 49 ለ 3 የተቀጠቀጠበት ቀን፥ ንጽሕናው እንዳይጐድፍ ከላይ የታዘዘለት ምሕረት ነበረ ማለት ነው። ኦቶ ግራሃም ከ1946 እስከ 1955 ከክሊቭላንድ ጋር በተጫወተባቸው ዐሥር ዓመታት ዐሥሩንም ጊዜ ለመጨረሻው ግጥሚያ ደርሶ ሰባቱን አሸነፈ፤ ነገር ግን ሱፐር ቦውል የተጀመረው በጃኑዋሪ 1967 ስለ ሆነ፥ ኦቶ ግራሃም አልተወለደም።

በአንድ ማኅበር ላይ ከጎኔ የነበረ ጐልማሳ፥ ዝምታዬን እንደ ክሕደት ቈጥሮ፥ «አባባ፥ ሰባት ቀለበት ነው እኮ! ሰባት!» እያለ ጣቶቹን በፊቴ በዘረጋ ጊዜ፥ እነዚህ ቀለበቶች እንዴት እንደ ተገኙ አንድ በአንድ ለመመርመር ተገደድሁ። በፌብሩዋሪ 2015 በተደረገው ግጥሚያ፥ ሴያትል ሊያሸንፍ አንድ ያርድ ብቻ ቀርቶት ሳለ፥ ማልኮም በትለር የተባለ፥ ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በሚመርጡበት ቀን ማንም ስሙን ያልጠራው የኒው ኢንግላንድ ጀማሪ ተከላካይ፥ የተወረወረውን ኳስ ከመሥመሩ ደጃፍ ላይ ጠለፈና ጨዋታው 28 ለ 24 ተፈጸመ። ብሬዲ በዚያች ቅጽበት የት ነበረ? ከአግዳሚው ወንበር ዘንድ። በፌብሩዋሪ 2002 የመጀመሪያው ቀለበት ሲገኝም፥ ብሬዲ ቡድኑን እስከ መምቻው አደረሰ እንጂ፥ ሰዓቱ ሲያልቅ ኳሱን ከ48 ያርድ በእግሩ መትቶ በግቡ ምሰሶዎች መካከል በማሳለፍ 20 ለ 17 ያደረገው አዳም ቪናቴሪ ነው፤ ብሬዲ ያን ጊዜም ከአግዳሚው ዘንድ ነበረ። ቀለበቶቹ ግን በክርክሩ መዝገብ የተጻፉት በብሬዲ ስም ብቻ ስለ ሆነ፥ በተከራካሪዎቹም ቃል ሐሰት አይገኝምና፥ በትለር የጠለፈው ቪናቴሪም የመታው በብሬዲ አቀማመጥ ኃይል ነው ከማለት በቀር ሌላ ትርጓሜ የለም።

ይህ ትርጓሜ ከተያዘ በኋላ ተሰውሮ የኖረው ሁሉ ይገለጣል። ፔይተን ማኒንግ በፌብሩዋሪ 2016 ከዴንቨር ጋር ሁለተኛ ቀለበቱን ሲያገኝ የወረወረው በድምሩ 141 ያርድ ብቻ ነበረ፤ አንድ ታችዳውን፥ ማለት ከመጨረሻው መሥመር ማዶ ነጥብ የሚያስቈጥር ኳስ፥ እንኳ አልወረወረም፥ አንድ ኳስም ተጠልፎበታል፤ ቮን ሚለርና የመከላከል ጓደኞቹ ግን የካሮላይናን ኳርተርባክ ከመሬት ሲደባልቁት አመሹና 24 ለ 10 ተፈጸመ። እንግዲህ ማኒንግ በዚያ ምሽት የተቀመጠው መቀመጥ በታሪክ ወደር የለውም። ዳን ማሪኖ በ1984 5,084 ያርድና 48 ታችዳውን ወርውሮ ከእርሱ በፊት ማንም ካልደረሰበት ደርሶ ሳለ፥ በጃኑዋሪ 1985 በሞንታና ቡድን 38 ለ 16 ተሸነፈ፥ ወደዚያ ግጥሚያም ሁለተኛ አልተመለሰም፤ ስለዚህ ስሙ በተነሣ ቍጥር «ቀለበት የለውም» ይባላል። ምክንያቱ አሁን ግልጽ ነው፤ ሠላሳ ስምንቱ ነጥብ ሁሉ የተቈጠረው እርሱ ከሜዳ ወጥቶ ሳለ ነውና፥ ማሪኖ መወርወር ያውቃል፥ መቀመጥ አያውቅም። ብሬዲ ራሱ ቢሆን አንድ ቀን ተሰናክሏል፤ በፌብሩዋሪ 2018 በፊላዴልፊያ ላይ 505 ያርድ ወረወረ፥ ይህንም ያህል በሱፐር ቦውል የወረወረ የለም፤ ከወረወረው አንድም አልተጠለፈበትም፤ ቡድኑም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ጊዜ እንኳ ኳሱን በእግር መትቶ ለተቃራኒው አልለቀቀም። ነገር ግን ተጠባባቂ በነበረው በኒክ ፎልስ ቡድን 41 ለ 33 ተረታ። ክንዱ እንዲህ ሠርቶ ሳለ ለምን ተረታ? በዚያ ምሽት አቀማመጡ ተበላሽቶበት ነው እንጂ።

ተቀምጦ እንዴት ያሸንፋል ቢሉ፥ የተቀመጠው ዓይኑን በተቃራኒው ላይ አጽንቶ ስለሚያፈዘው ነው፤ አንድም፥ የወንበሩ ሙቀት በሣሩ ሥር አልፎ ለተከላካዮቹ እግር ስለሚደርስ ነው፤ አንድም፥ ውሃ እየጠጣ ለሚደክሙት በልቡ ስለሚራራላቸው ነው። ይህ ከታወቀ ዘንድ በኦሃዮ ግዛት በካንተን ከተማ ያለው የዝና አዳራሽ ታላቅ ስሕተት ሠርቷል፤ የጀግኖቹን ምስል ከነሐስ ሲያሠራ ከደረት በላይ ብቻ አሠርቶ፥ ሥራውን የሠራውን አካል ሳያስቀርጸው ቀርቷልና። ነሐሱ ቀልጦ እንደ ገና ይሠራ፤ አግዳሚ ወንበሮቹም ከየስታዲየሙ ተፈልገው፥ ማን በየትኛው ጫፍ እንደ ተቀመጠ ተጽፎባቸው፥ ምእመናን በሩቁ እንዲሳለሟቸው በመስታወት ውስጥ ይኑሩ። የቡድኖቹ መልማዮችም በየዓመቱ በኢንዲያናፖሊስ ወጣቶቹን ሰብስበው 40 ያርድ ማስሮጣቸውን፥ እጃቸውን መለካታቸውን ይተዉ። ብሬዲ በ2000 ምርጫ ከእርሱ በፊት 198 ሰዎች ተጠርተው በ199ኛው የተጠራው በዚህ ከንቱ ፈተና ምክንያት ነው፤ ሩጫው ዘገምተኛ ነበረ፥ ወንበር ያቀረበለት ግን አልነበረም። ቢቀርብለት ኖሮ መልማዮቹ ባርኔጣቸውን አውልቀው ይነሡለት ነበር። አባቶችም ልጆቻቸውን «ተነሥ፥ ሥራ» ማለታቸውን ትተው፥ «ልጄ፥ ተቀመጥ፤ ወንድሞችህ ሲሠሩ ስምህ ይጠራል» ቢሉ ይበጃል። ደግሞም አንድ ቡድን 53 ሰዎች መዝግቦ 52ቱን መቀለቡ ብክነት ነው።

ይህን ጥበብ ባለማወቁ የተጐዳውን ሰው ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ የዚችው የዋሽንግተን ቡድን የቀድሞ ተጫዋች ሳሚ ባው ነው። ባው በ1943 በመወርወር ከሊጉ አንደኛ ሆነ፥ ኳስን በእግር መትቶ በማራቅም አንደኛ ሆነ፤ ኳሱ ወደ ተቃራኒው ሲያልፍ ግን እንደ ዘመኑ ልማድ እዚያው ሜዳ ላይ ቆሞ እየተከላከለ፥ የሰው ኳስ በመጥለፍም አንደኛ ሆነ። ኳሱ ስላለፈ ብቻ ዐርፎ አልተቀመጠም። በዚያው ዓመት ለመጨረሻው ግጥሚያ ደርሶ በቺካጎ 41 ለ 21 ተሸነፈ፤ ይገባዋል።

ሌሎቹን በረከቶች በአጭሩ ልለፋቸው። ተከራካሪዎቹ ከትንሣኤ ዘጉባኤ አስቀድመው የቀድሞውን ኳርተርባክ ጆኒ ዩናይተስን ከመቃብር አስነሥተው ዛሬ ቢጫወት ይችል እንደ ሆነ ይመረምሩታል፥ በእርጅናው ዘመን ያቺ የወረወረችው ቀኝ እጁ አልታዘዝ ብላው እንደ ነበረ ግን አይጠይቁትም። በ1978 ሕጉ ተለውጦ ተከላካይ ከአምስት ያርድ ወዲያ ተቀባዩን እንዳይነካ ተከለከለ፥ የዓመቱም ጨዋታ ከ14 ወደ 16፥ በ2021ም ወደ 17 ከፍ አለ፤ እነርሱ ግን የሁሉንም ያርድ በአንድ ሚዛን ሲመዝኑ እጃቸው አይንቀጠቀጥም።

«የዘመናት ሁሉ» የሚሉት ቃል ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ያስቈጣኛል። የየትኞቹ ዘመናት? ከ1934 እስከ 1945 በዚህ ሊግ አንድም ጥቁር ተጫዋች አልነበረም፤ የዋሽንግተን ቡድን ደግሞ ከሁሉ ኋላ ቀርቶ እስከ 1962 ድረስ ደጁን ዘግቶ ቈየ። ደጁ ከተከፈተም በኋላ፥ በኮሌጅ ኳርተርባክ የነበረው ጥቁር ወጣት ሌላ ቦታ እንዲጫወት ይነገረው ነበር። ዋረን ሙን በ1978 ማንም ቡድን ሳይመርጠው ቀርቶ ወደ ካናዳ ተሻገረ፥ በዚያም አምስት ጊዜ ሻምፒዮን ሆነ፤ በኋላ ተመልሶ በ2006 ወደ ካንተን አዳራሽ የገባ የመጀመሪያው ጥቁር ኳርተርባክ ሆነ። እንዲጫወት ያልተፈቀደለትን ሰው ሳይቈጥሩ የዘመናት ሁሉ ታላቅ እገሌ ነው ማለት ውሸት ነው።

የሴንተሩንም ስም የሚጠይቅ የለም። የፒትስበርጉ ቴሪ ብራድሾው አራት ቀለበት አለው፥ በክርክሩም ላይ ስሙ በየጊዜው ይነሣል። ከፊቱ ጐንበስ ብሎ ኳሱን ያቀብለው የነበረው ማይክ ዌብስተርም አራት ቀለበት ነበረው። ዌብስተር ኳሱን ባቀበለ ቍጥር ራሱን ከተቃራኒው ራስ ጋር እያጋጨ ብዙ ዘመን ከተጫወተ በኋላ አእምሮው ታወከ፥ በመኪናው ውስጥ እስከ ማደር ደረሰ፥ በ2002ም በ50 ዓመቱ ሞተ። በናይጄሪያ የተወለደው ሐኪም ቤኔት ኦማሉ አንጐሉን መርምሮ፥ ከተደጋገመ ምት የሚመጣውን ደዌ አገኘበት፥ በ2005ም ጽፎ አሳወቀ። በ1997 ዌብስተር ወደ ካንተን አዳራሽ ሲገባ ለሕዝብ ያቀረበው ብራድሾው ራሱ ነው፤ ኳርተርባኩ ኳሱን ከማን እጅ እንደ ተቀበለ ያውቅ ነበር። የማያውቁት ተከራካሪዎቹ ናቸው። እዚህ ላይ ሽሙጥ አያምርብኝም፤ ይህ ክርክር የብዙ ሰዎችን ላብና የብዙ ሰዎችን አንጐል ወስዶ ለአንድ ሰው ጣት የሚሰጥ ነውና አስጸያፊ ነው።

ስለዚህ ማኅበር የምታወጡ፥ ክርስትናም የምትደግሱ ወገኖቼ፥ አንድ ሥርዓት አቁሙልኝ። ይህን ክርክር ሊያነሣ የሚወድ ሰው ሁሉ፥ ጀግናው ቀለበቱን ባገኘበት ቀን ከፊቱ ተሰልፈው ከምት የጠበቁትን የአምስቱን ሰዎች ስም አስቀድሞ ይጥራ። አምስቱን የጠራ እስኪነጋ ይናገር፥ ቡናውንም እኔ እቀዳለታለሁ። ያልጠራ ግን ዝም ብሎ ይብላ። እስካሁን ከጠየቅኋቸው ሰዎች ከሁለት ስም ያለፈ አላገኘሁም።