በእንተ ቀዊሞታ ለእድግት፦ በዋጃ አስፋልት ላይ ስለምትቆም አህያ የቀረበ ሐተታ ዘሕገ እንቅስቃሴ

ፍጥረታተ ዓለም ሁሉ፣ ግዑዛንም ሆኑ ሕያዋን፣ ረቂቃንም ሆኑ ግዙፋን፣ ከሁለት ግብራት ውጭ እንደሌላቸው፣ ይኸውም ወይ እንደሚንቀሳቀሱ ወይ እንደሚቆሙ፣ የጥንቱም የዛሬውም ሊቃውንት ያለ ብዙ ክርክር የተቀበሉት ነገር ነው። እነዚሁ ሊቃውንት ግን ስለ ከዋክብት ዑደት፣ ስለ መድፍ ጥይት በረራና ስለ ፍሬ አወዳደቅ ብራና ሲያደክሙ፣ ከቆቦ ወደ አላማጣ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ በዋጃ ከተማ እምብርት፣ ማሽላ እንደ ተጫነች ስለምትቆመው አህያ አንዲት አንቀጽ እንኳ አልተዉልንም። ይህ ሐተታ ያንን ጉድለት ይሞላ ዘንድ ተሰናዳ።

በቅድሚያ ስለ መካነ ጥናቱ። ዋጃ በራያ ቆላ፣ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደሴ፣ በወልድያና በቆቦ አድርጎ ወደ መቀሌ በሚዘልቀው መንገድ ላይ የምትገኝ ከተማ ስትሆን፣ ለምርመራው የተመረጠችው ስለ ሜዳነቷ ብቻ ነው። ጥናቱ ከአላማጣ ወደ ኮረም በሚወጣው በግራ ካሕሱ ጠመዝማዛ ላይ ተደርጎ ቢሆን ኖሮ፣ የመሬት ስበት ከፊሉ አህያዪቱን ወደ ኋላ ስለሚጎትታት፣ መቆሟ ምን ያህሉ ከዳገቱ ምን ያህሉ ከራሷ እንደሆነ ለይቶ መፍረድ አዳጋች በሆነ ነበር። በዋጃ ግን ስበት ቀጥ ብሎ ቁልቁል ይስባል፣ አስፋልቱም በዚያው ልክ ቀጥ ብሎ ሽቅብ ይገፋል፣ ሁለቱም ተጣፍተው ዜሮ ይሆናሉ። ስለዚህ የዋጃ አህያ በዳገት ልታሳብብ አትችልም።

አህያዪቱ ቆማለች የሚለው የሾፌሮች ክስም ራሱ እንከን አለበት። ቆሞ መገኘት ማለት ከአንድ ከተወሰነ ነገር አንጻር ቦታ አለመለወጥ ነውና፣ ከሳሾቹ ከምን አንጻር እንደሆነ ሳይገልጹ ክላክስ መንፋታቸው በሥነ ሥርዓት ረገድ ተቀባይነት የለውም። ዋጃ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 12 ዲግሪ ላይ ያለች በመሆኗ፣ በምድር መሽከርከር ምክንያት ከተማዪቱ ከነነዋሪዎቿ፣ ከነማሽላዋና ከነአህዮቿ በሰዓት 1,634 ኪሎ ሜትር ያህል እየተጓዘች ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ዞብል ተራሮች አቅጣጫ ትከንፋለች። ሕዝቡ «ቀይ ሽብር» የሚለው ሲኖትራክ ከቆቦ ወደ ሰሜን በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲመጣ፣ ሁለቱ ፍጥነቶች በቀጤ ማዕዘን የሚገናኙ ስለሆኑ፣ ከምድር እምብርት ሆኖ ለሚመለከት የመኪናው ፍጥነት 1,635 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ስለዚህ ያ ሁሉ ጩኸትና ዘለፋ የሚደረገው በሰዓት አንድ ኪሎ ሜትር ለምታህል ልዩነት መሆኑን፣ የሚመለከታቸው ወገኖች በጥሞና ሊያጤኑት ይገባል።

የቀደሙትን መምህራን በአጭሩ እንጥቀስ። አሪስጣጣሊስ ማንኛውም የሚንቀሳቀስ ነገር አንቀሳቃሽ እንዳለው፣ የተወረወረ ድንጋይ እንኳ ከእጅ ከወጣ በኋላ አየር እየገፋው እንደሚሄድ አስተማረ። ይህን ትምህርት አፄ ካሌብ በአክሱም በነገሠበት በ6ኛው ክፍለ ዘመን የተቃወመው እስክንድርያዊው ዮሐንስ ፊሎፖኖስ ነው፤ ወርዋሪው ለድንጋዩ ራሱ ኃይል ያድለዋል እንጂ አየርማ ጭራሽ ያግደዋል ሲል። የኬልቄዶንን ጉባኤ ካልተቀበሉት ወገን ነበርና እኛ ልናውቀው በተገባን ነበር፤ በኋላ በምሥጢረ ሥላሴ ትምህርቱ መወገዙ ግን ስለ ድንጋይ የተናገረውን አያፈርስበትም። አፄ ፋሲል በጎንደር ሳሉ፣ በ1638፣ ጋሊልዮ ስለ አወዳደቅና ስለ ውርወራ የደረሰበትን አሳተመ። ቀዳማዊ ኢያሱ በነገሡበት ዘመን፣ በ1687፣ ይስሐቅ ኒውተን ሦስቱን ሕግጋት ደነገገ፤ ዘመኖቹ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። ቀዳሚው ሕግ የቆመ ነገር ከውጭ የሚመጣ ያልተጣፋ ኃይል እስካላነሣው ድረስ ቆሞ ይኖራል ይላል። ኒውተን ይህን ለማስረዳት ረጅም መጽሐፍ አስፈልጎታል።

አሁን ወደ ንባቡና ወደ ትርጓሜው እንግባ። ንባቡ፦ ወቆመት እድግት በማእከለ ፍኖት። ሐተታው፦ ቆመች፤ ጭነቱ ከብዷት። አንድም ጭነቱ ቀልሏት፣ ለማረፍ የሚያስችል ትርፍ ጉልበት አግኝታ። አንድም ከአስፋልቱ ዳር የረገፈ የማሽላ እሸት አይታ። አንድም ምንም ሳታይ። አንድም ባለቤቲቱ ከባልንጀራዋ ጋር ሰላምታ ስለ ጀመረች፣ የራያ ሰላምታም ከብቱን፣ ልጁን፣ ዝናቡንና አዝመራውን በየተራ ሳይጠይቅ ስለማያበቃ፣ ጊዜውን አስልታ። አንድም ጠባይዋ ነው። ጸሐፊው የመጨረሻውን ያጸናል።

በቆመች አህያ ላይ የሚያርፉ ኃይላት በአራት ይከፈላሉ፦ ኃይለ ሰሒብ ማለትም መጎተት፣ ኃይለ ገፊዕ ማለትም መግፋት፣ ኃይለ ዘቢጥ ማለትም መደብደብ፣ ኃይለ ቃል ማለትም መጮህ። ከአራቱ ሰፊ ምርመራ የሚገባው ቀዳሚው ነው፤ በገመዱ ዙሪያ ሥር የሰደደ ስሕተት አለና።

ብዙኃኑ የሚያምነው ጎታቹ ጎረምሳና አህያዪቱ የሚወዳደሩት በጉልበት እንደሆነ፣ የበረታውም እንደሚያሸንፍ ነው። ይህ ፍጹም ሐሰት ነው። የገመዱ ክብደት ኢምንት ከሆነ፣ ገመዱ ጎረምሳውን ወደ አህያዪቱ የሚስብበት ኃይል አህያዪቱን ወደ ጎረምሳው ከሚስብበት ኃይል ጋር እኩል ነው፤ ገመድ አያዳላም። ድሉን የሚወስነው እግርና ሰኮና ከአስፋልቱ ጋር ያላቸው ሰበቃ ነው። ጎረምሳው 60 ኪሎ ይመዝናል፣ ኮንጎ ጫማ አድርጓል፣ ኮንጎው አቧራ በለበሰ አስፋልት ላይ የሚኖረው የሰበቃ ቁጥር 0.4 ነው ብለን እንነሣ። 60 በ9.8፣ እንደገና በ0.4 ሲባዛ 235 ኒውተን ይሆናል፤ ጎረምሳው ከዚህ በላይ ከጎተተ ራሱ ይንሸራተታል። አህያዪቱ 120 ኪሎ ብትሆን፣ 80 ኪሎ ማሽላም ብትጫን፣ የሰኮናዋን የሰበቃ ቁጥር 0.5 ብናደርገው፣ 980 ኒውተን እስኪደርስባት ድረስ ንቅንቅ አትልም። እንግዲህ ማን ወደ ማን እንደሚጎተት ግልጽ ነው። የተጫነው ማሽላም ለአህያዪቱ ሸክም ብቻ አይደለም፤ ሰኮናዋን ወደ አስፋልቱ የሚያጣብቅ አጋሯ ነው። ለማስነሣት ብሎ ጭነት የሚጨምር ሰው ካለ፣ ካሰበው ተቃራኒውን እየፈጸመ እንደሆነ ይወቀው።

ከዚህ ላይ ስለ ጫማ ጥቂት ማለት ግድ ነው። በኮንጎ ውስጥ ሁለት የሰበቃ ገጾች አሉ፤ አንደኛው በጫማውና በአስፋልቱ መካከል፣ ሁለተኛው በላበው እግርና በጫማው የውስጥ ፕላስቲክ መካከል። ሁለቱ በተርታ የተቀጠሉ ስለሆኑ ነገሩን የሚወስነው ደካማው ነው፤ በራያ ቆላ ሙቀት ደግሞ ደካማው ብዙውን ጊዜ የውስጡ ነው። ጎታቹ ተረከዙን ተክሎ፣ ወደ ኋላ ተንጋሎ፣ ገመዱን በክርኑ ጠምጥሞ በሚያጠብቅበት ቅጽበት ኮንጎው ከአስፋልቱ ጋር ተጣብቆ ሲቀር፣ እግሩ ብቻውን ተስፈንጥሮ ሲወጣ የሚታየው በዚህ ሕግ መሠረት ነው። በረባሶ ግን ከአሮጌ ጎማ የተሠራ፣ ስለዚህም አስፋልቱን ከሚረግጠው የመኪና ጎማ ጋር የአንድ ባሕርይ ልጅ በመሆኑ ቁጥሩን 0.7 ብንለው ጎታቹ 412 ኒውተን ይደርሳል። ገመዱ አግድም እስከሆነ ድረስ ሦስት ባለበረባሶዎች ተባብረው አንዲት አህያ ሊያንሸራትቱ ይችላሉ ማለት ነው። የመጀመሪያው ዝናብ ከአቧራው ጋር ተለውሶ አስፋልቱን ያሟለጨው ዕለት ስሌቱ ሁሉ እንደገና ይሠራል። ገመዱ ከአህያዪቱ አንገት ወደ ላይ ሲያዘነብል ከክብደቷ ከፊሉ ወደ ጎታቹ እግር ስለሚዛወር፣ የእርሷ ሰበቃ ይቀንሳል፣ የእርሱ ይጨምራል። ቁመተ ረጅም ጎታች ተመራጭ የሚሆነው በዚህ ነው።

ኃይለ ዘቢጥን በሚመለከት፣ «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚለው ብሂል የሜካኒክስ ይዘት እንዳለው እስከ ዛሬ ያስተዋለ ያለ አይመስልም። የዱላ ምት ውጤት የኃይሉ መጠን በሚቆይበት ጊዜ ሲባዛ የሚገኘው ነው፤ ዱላው በዳውላው ላይ ሲያርፍ የማሽላው ቅንጣቶች እርስ በርስ እየተሻሹ የምቱን ጉልበት ወደ ሙቀት ይለውጡታል፤ ለአህያዪቱ የሚደርሳት ለስላሳ ግፊት ብቻ ነው። በዚህ መንገድ የሚሞቀው ማሽላው ነው።

ኃይለ ገፊዕ ከኋላ የሚፈጸም በመሆኑ ሦስተኛውን ሕግ በቀጥታ ይጠራል። ማንኛውም ግብር እኩልና ተቃራኒ አጸፋ አለው፤ የአህያ እርግጫ ግን፣ አንዳንዶች እንደሚያስቡት፣ የግፊቱ አጸፋ አይደለም። አጸፋው በመዳፍ ላይ በዚያችው ቅጽበት የሚሰማው ግፊት ነው፤ እርግጫው ራሱን የቻለ አዲስ ግብር ነው፣ የእርሱም አጸፋ ሰኮናዋ ላይ ያርፋል። የተረገጠው ሰው ጉልበትና የረገጠችው ሰኮና እኩል ኃይል ተቀብለዋል፤ እኩል አለመጎዳታቸው የሰኮናና የጉልበት ልዩነት እንጂ የኒውተን አድልዎ አይደለም። «አህያ ላህያ ቢራገጥ ጥርስ አይሳበርም» ያሉት አበው፣ እኩል ባሕርይ ያላቸው አካላት ሲጋጩ የሚሆነውን ከኒውተን ባላነሰ ጥንቃቄ ወስነውታል።

ስለ ኃይለ ቃል በአስፋልቱ ላይ የተሰማ አንድ ምልልስ እነሆ።

«እማማ፣ አህያዎን ዘወር ያድርጉልን እንጂ!»

«እኔ ልዙርልህ እንጂ እሷማ መች ትሰማኛለች፣ ልጄ።»

ይህ ቃል በሳይንስ የተደገፈ ነው። ከፍተኛ የሚባል የክላክስ ድምፅ፣ 110 ዴሲቤል እንኳ ቢሆን፣ በአየሩ ላይ የሚፈጥረው ተጨማሪ ጫና 6 ፓስካል ያህል ነው። በግማሽ ሜትር ካሬ ጎን ላይ ሲያርፍ 3 ኒውተን ይሆናል፤ ከላይ ከተጠቀሰው 980 ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። ይህም ኢምንት አንድ ጊዜ እየገፋ ወዲያው እየሳበ በሰከንድ በመቶዎች የሚቆጠር ጊዜ ስለሚገለባበጥ ድምሩ ዜሮ ነው። ሾፌሩ አህያዪቱን ዜሮ በሆነ ኃይል ለማንቀሳቀስ እየሞከረ መንቀሳቀስ አለመቻሏን ጥፋት አድርጎ ይቆጥርባታል።

ለሾፌሩ ከክላክስ ይልቅ የሚበጀው የሚከተለው ስሌት ነው። በደረቅ አስፋልት፣ ጎማውና ፍሬኑ ደኅና ሆኖ፣ በ40 የሚመጣ መኪና ፍሬን ከተያዘ በኋላ በ9 ሜትር ይቆማል። በ80 የሚመጣው በ18 አይቆምም፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ርቀቱ አራት እጥፍ ይሆናልና 36 ሜትር ይፈልጋል። አይቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያሳርፍ አንድ ሰከንድ ካለፈች 22 ሜትር ተጨማሪ ሄዷል። የጭነቱ ብዛት ሰበቃውንም በዚያው ልክ ስለሚያሳድገው በወረቀት ላይ ይጣፋል፤ በፍሬን ሸራው ላይ ግን አይጣፋም፣ ሸራው ይግላል።

በመጨረሻ የሚቀረን ከሁሉ የረቀቀው ጥያቄ ነው፦ አህያዪቱ በፈቃዷ በተነሣች ጊዜ ማን አነሣት? ጡንቻዋ ነው እንዳንል፣ የጡንቻ ኃይል የውስጥ ኃይል ነው፤ ማንም አካል በውስጥ ኃይሉ ብቻ የራሱን ማዕከለ ክብደት ከቦታው ሊያነሣ አይችልም። ባለቤቲቱ ናት እንዳንል፣ እርሷ ገና ስለ ባልንጀራዋ ላሞች እየጠየቀች ነው። የሆነው ይህ ነው፦ አህያዪቱ በሰኮናዋ አስፋልቱን ወደ ኋላ ገፋች፣ አስፋልቱም በሦስተኛው ሕግ ታዝዞ አህያዪቱን ወደ ፊት ገፋ። ወደ ፊት ያንቀሳቀሳት ብቸኛው የውጭ ኃይል የአስፋልቱ ሰበቃ ነው። ጎረምሳው በጎተታት ጊዜ ሙጭጭ አድርጎ የያዛትም ይኸው አስፋልት ነበር። እንግዲህ በአህያዪቱም ሆነ በባለቤቲቱ ላይ የሚቀርበው ክስ ሁሉ ለሚመለከተው አካል አልቀረበም። ከዛሬ ጀምሮ የክላክስ አፍ ከመኪናው ፊት ተነቅሎ ወደ ታች፣ ወደ አስፋልቱ እንዲዞር፣ በተነፋም ቁጥር አህያዪቱ ያለችበት ስፍራ በሜትር ተለክቶ እንዲመዘገብ ይህ ሐተታ ያሳስባል፤ ለመለኪያው መነሻ የሚሆነውም ጎረምሳው ኮንጎውን የተወበት ነጥብ ነው።