ሦስት ጊዜ ያነበቡት መጥፎ መጽሐፍ

በምኖርባት የአሜሪካ ከተማ፣ በሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት፣ ወር በገባ በመጀመሪያው ሐሙስ የስቲቨን ኪንግ ወዳጆች ይሰበሰባሉ። መጀመሪያ የገባሁት ዝናብ ለማሳለፍ ነበር። የሚያቀርቡትን ነገር ቡና ብሎ መጥራት ኃጢአት ነው። ቢሆንም ከዚያ ወዲህ አንድም ሐሙስ አልቀረሁም፤ እንዲህ ያለ ነጻ ቲያትር ከየት ይገኛል?

የክርክሩ ርዕስ አይለወጥም። ከአስፈሪው ደራሲ መጻሕፍት ምርጡ የቱ ነው? የወረደውስ? ኪንግ በ1974 «ካሪ»ን ካሳተመ ወዲህ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ከ60 በላይ ልብ ወለድ ስላወጣ፣ ለጠብ የሚሆን ሰበብ አይጠፋም። «ካሪ» ራሷ የተረፈችው ከቆሻሻ ቅርጫት ነው። ተስፋ ቆርጦ የጣላትን ረቂቅ ሚስቱ ታቢታ አንስታ «ቀጥልበት» ባትለው ኖሮ፣ እነዚህ ሰዎች ሐሙስ ማታን በምን ያሳልፉት ነበር?

ሰብሳቢው ጡረታ የወጡ ቁመተ ሎጋ ሰው ናቸው። የ«ዘ ስታንድ»ን ሁለት እትሞች በፌስታል አንጠልጥለው ይመጣሉ። በ1978 አሳታሚው መጽሐፉ ረዘመብኝ ብሎ ብዙ መቶ ገጽ አስቆርጦ ነበር፤ በ1990 የተቆረጠው ተመልሶለት ከ1,100 ገጽ በላይ ሆኖ ወጣ። እሳቸው የሚምሉት በአጭሩ ነው። ምክንያቱን ሲጠየቁ ስለ አጻጻፉ ፍሰት፣ ስለ ቁጥብነቱ ብዙ ይተነትናሉ። ትንሽ ከታገሷቸው ግን ነገሩ ይወጣል፦ ያኔ 17 ዓመታቸው ነበር፤ ትምህርት ቤት ተዘግቶ በወንድማቸው መኪና የኋላ ወንበር ላይ ተጋድመው ነው ያነበቡት። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ የተመቸ የኋላ ወንበር አላገኙም።

ከሁሉም በላይ የምወዳት ግን ከመካከላቸው ያለችውን አንዲት ነርስ ነው። ነርሷ «ዘ ቶሚኖከርስ» የተባለውን የ1987 መጽሐፍ ጥርስ ነክሳበታለች። ስለ ጥላቻዋ ስትናገር ምዕራፍ ትጠቅሳለች፤ ገጽ ትጠራለች። የያዘችው ቅጂ ከብዙ መገለጥ ጀርባው ተሰነጣጥቋል። «ስንት ጊዜ አነበብሽው?» ብላት «ሦስቴ» አለችኝ፣ በሽታውን እንደሚቆጥር ሰው በኩራት። ለምን ሦስቴ? ሁለተኛውን ያነበበችው «ምናልባት አጥፍቼ ይሆናል» ብላ ነው። ሦስተኛውን ያነበበችው አለማጥፋቷን ለማረጋገጥ። እኔ ወደድኩት የምለውን መጽሐፍ እንኳ ሁለቴ ያነበብኩት ስንቱን ይሆን?

አንድ ሐሙስ አንድ ወጣት ደስ ያሰኛት መስሎት፣ ደራሲው ራሱ በ2014 ለአንድ መጽሔት በሰጠው ቃለ ምልልስ መጽሐፉን መጥፎ ማለቱን ነገራት። ፊቷ ተለዋወጠ። «እሱ ምን ያውቃል!» አለች። ኪንግ በዚያው ቃለ ምልልስ፣ 700 ገጽ ከሚሆነው ውስጥ ጥሩ የ350 ገጽ ልብ ወለድ ሳይኖር አይቀርም ብሏል። ይህ ከተሰማ በኋላ የዚያ ምሽት ክርክር የትኞቹ 350 ገጾች ናቸው የሚል ሆነ። ቤተ መጻሕፍቱ ሲዘጋ ገና 90ኛው ገጽ ላይ ነበሩ።

የ«ኢት» ነገር ደግሞ የቤተ ሰብ ቂም ያህል ነው። መጽሐፉ በ1986 የወጣ፣ እሱም ከ1,100 ገጽ በላይ ነው። በየ27 ዓመቱ እየተነሳ ልጆችን የሚበላ ክፉ ነገር አለ፤ ብዙውን ጊዜ የሚታየው በሰርከስ ቀልደኛ (ክላውን) መልክ ነው። አንባቢው ሺህ ገጽ ሙሉ ሲርድ ከርሞ መጨረሻ ላይ የሚያገኘው ግዙፍ ሸረሪት ነው። ሸረሪት! እናቴ በመጥረጊያ የምታባርረው ፍጥረት። ወዳጆቹ ይህን ይቅር አላሉትም፤ ኪንግ መጨረሻ አያውቅም የሚለው ሐሜትም የእነሱ የዘወትር ጸሎት ነው። እሱም ሰምቷል። በ2019 ከመጽሐፉ በተሠራው ፊልም ላይ እንደ ባለ ሱቅ ሆኖ ብቅ ይልና፣ ደራሲ ለሆነው ገጸ ባሕርይ የመጽሐፍህን መጨረሻ አልወደድኩትም ይለዋል። ሰብሳቢያችን ግን «ትዕይንቱ ጥሩ ነበር፤ አጨራረሱ ላይ ነው የተበላሸው» አሉ።

ደራሲው ከሥራዎቹ አብልጦ የሚወደው በ2006 የወጣውን «ሊሲስ ስቶሪ»ን መሆኑን ደጋግሞ ተናግሯል። ከኛዎቹ ውስጥ ጨርሶ ያነበበው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ። አባት ከሁሉ አስበልጦ የሚሳሳለት ልጅ፣ ጎረቤት ግን ስሙን የማያስታውሰው!

ሪቻርድ ባክማን በሚል የብዕር ስም ተደብቆ የጻፋቸውም አሉ። በ1985 ምስጢሩን ያወጣው አንድ የዋሽንግተን ዲሲ መጽሐፍ ቤት ሠራተኛ ነበር። ዛሬ ግን «እኔ ያኔውኑ ጠርጥሬ ነበር» የማይል የለም። ይህን ከሚሉት አንዱ በ1991 የተወለደ ነው።

ባለፈው ሐሙስ ተራው የ«ሚዘሪ» ሆነ። ታሪኩ የታወቀ ነው፤ መኪናው ተገልብጦ የተጎዳን ደራሲ አንዲት የቀድሞ ነርስ ታነሳዋለች፤ «አንደኛ አድናቂህ ነኝ» ባይ ናት። የምትወዳትን ገጸ ባሕርይ መግደሉን ስታውቅ ግን ቤቷ ውስጥ አግታ አዲስ መጽሐፍ ታስጽፈዋለች፤ እግሩንም በመጥረቢያ ትቆርጠዋለች። ኪንግ ለሴት ልጁ ብሎ «ዘ አይስ ኦቭ ዘ ድራጎን» የተባለ ተረት መሰል መጽሐፍ ሲጽፍ፣ አንባቢዎቹ «አስፈሪው የታለ?» ብለው አኩርፈውት ነበር፤ «ሚዘሪ»ን ካነሳሱት ነገሮች አንዱ ይኸው ኩርፊያ ነው። ማለትም መጽሐፉ ስለ እነሱ ነው። እነሱ ደግሞ በአንድ ድምፅ ከምርጥ አምስቱ ውስጥ አስገቡት። በስብሰባው ታሪክ የመጀመሪያው ስምምነት ነበር። ጭብጨባ ሁሉ ነበረ።

ጭብጨባው ሲበርድ ነርሷ እጇን አወጣች።

«አንድ ነገር ግን አለ» አለች። «ሴትዮዋ የመጀመሪያውን ረቂቅ አንብባ ይህ ማጭበርበር ነው ስትለው፣ ልክ ነበረች እኮ።»

ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰብሳቢው ማስታወሻ ያዙ። እኔ ቡናዬን አስቀመጥኩና በሩ በየት በኩል እንደነበር ፈለግሁ።