ለክቡር ማስተር ፕላን፣ ከሰፈራችን እድር

ለክቡር የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን
ባሉበት

ጉዳዩ፦ የእድራችን አባል እንዲሆኑ ስለመጋበዝ

ክቡር ሆይ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ መንገድ ከምንሻገርባት ሰዓት በስተቀር ደኅና ነን።

እድራችን ባለፈው እሑድ ተሰብስቦ እርስዎን አባል ለማድረግ በሙሉ ድምፅ ወስኗል። አንድ ሽማግሌ ብቻ «ሰውየው ሰፈራችንን ያውቀዋል ወይ?» ብለው ነበር። በካርታ እንደሚያውቁት ተነግሯቸው ዝም አሉ። መስማማታቸው ይሁን ማዘናቸው በቃለ ጉባኤው አልተገለጸም።

ዘርዎ ትልቅ እንደሆነ እናውቃለን። ለ ኮርቡዚዬ የተባለው ስመ ጥር አርክቴክት እ.ኤ.አ. በ1936 ከተማችንን አንድ ቀን ሳይረግጥ ንድፍ ስሎላት ለሙሶሊኒ አቀረበ። ጉዊዲና ቫሌ የተባሉት ጣሊያኖች ደግሞ ነጩን ከአገሬው ሰው የሚለይ ከተማ አቀዱ፤ የአራዳው ገበያ ወደ ዛሬው መርካቶ የሄደው በነሱ ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 እንግሊዛዊው አበርክሮምቢ፣ በ1965 ፈረንሳዊው ደ ማሪየን ተከተሉ፤ ደ ማሪየን ከማዘጋጃ ቤት እስከ ለገሃር ያለውን መስመር የከተማይቱ አከርካሪ አደረገው። ከነዚህ አያቶችዎ መካከል ጉልት ወርዶ ቃሪያ የገዛ ይኖር ይሆን? በኋላ እርሳሱን የኛው ልጆች ሲይዙት እልል ብለን ነበር። እርሳሱ ግን ከላይ ወደ ታች መሣል ለምዶ ኖሯል።

ሕጉ ከኛ ጋር ነው። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ፕላን ሲወጣ ሕዝብ ይሳተፍ ይላል። ተጠርተንም ተሳትፈናል። አዳራሹ ጥሩ ነበር፣ የታሸገ ውኃም ታድሏል። ግድግዳው ላይ በበራው ካርታ ሰፈራችን ቀድሞ አረንጓዴ ተቀብቶ ጠበቀን። አንዲት እናት ተነሥተው «ልጆቹ ተማሪ ቤት የሚሄዱባት የእግር መንገድ የት ገባች?» አሉ። «ጥሩ አስተያየት ነው፤ እንደ ግብዓት እንወስደዋለን» ተባሉ። ግብዓቱ የት እንደደረሰ እስከ ዛሬ አልሰማንም። እናትየዋ ልጆቹን ዛሬም በሲኖትራክና በቦዩ መካከል ይዘው ያልፋሉ።

አይፍረድብን፤ መልካሙንም አንክድም። በዚህ ከተማ ከሚደረገው ጉዞ ከግማሽ በላዩ በእግር መሆኑን የርስዎው ሰዎች ጽፈውታል። በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ተብሎ በወር አንድ እሑድ ጎዳና ለእግረኛ ሲለቀቅ ልጆቻችን ኳስ ይዘው ወጥተዋል፤ በቀሩት ቀኖች መንገዱ ለማን እንደሆነ የጠየቀ ባይኖርም። ሰሞኑን በዋና ዋናዎቹ ጎዳናዎች ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ የብስክሌት መስመርና መቀመጫ ተሠርቶ አይተናል። አምሯል፤ ሄደን ፎቶ ተነሥተናል። ችግሩ እዚያ ደርሶ በእግር ለመንሸራሸር ታክሲ መያዝ ማስፈለጉ ነው።

ዋናው ነገራችን ግን ድንኳኑ ነው። ከሰፈራችን መሐል እርስዎ «ክፍት ቦታ» ብለው የመዘገቡት፣ ቀጥሎም «ፓርኪንግ» ያሉት ሜዳ አለ። ክፍት ሆኖ አያውቅም። ጠዋት ልጆች ይጫወቱበታል፣ ማታ ጉልት ይዘረጋበታል፣ ሰው ሲሞት ድንኳን ይጣልበታል፣ ሲዳርም እንዲሁ። መብራት ከየትኛው ቤት እንደሚሳብ፣ ድስቱ ከማን ግቢ እንደሚጣድ፣ ዝናብ ሲመጣ ጎርፉ በየት በኩል እንደሚወርድ፣ አስከሬኑ በየትኛው ቅያስ እንደሚወጣ የማያውቅ እድርተኛ የለም። ይህ ፕላን ነው፤ ቀለም ያልተቀባ ብቻ። አንድ ጊዜ ይህ ነገር ገብቶዎት ነበር፤ ኮንዶሚኒየም ሲሠሩ ለእርድ፣ ለልብስ ማጠቢያና ለመሰብሰቢያ ብለው ኮሙናል ቤት ጨመሩ። ከአራተኛ ፎቅ በግ ይዞ የሚወርድ ሰው እንዳለ ያሰበውን ባለሙያ ካገኙልን የክብር አባል እናደርገዋለን።

ከዚያ ወዲህ የሆነው ግን ያስተዛዝባል። ጎዳናው ሲያምር ከዳሩ የተነሡ አባሎቻችን ቤት ተሰጥቷቸዋል፤ ቤቱ ከድሮው ይሻላል የሚሉም አሉ። ዳሩ ግን አንዱ ከዚህ ጫፍ፣ ሌላው ከዚያ ጫፍ ነው። ጡሩምባ እዚያ ድረስ አይሰማም። መዋጯቸውን በስልክ ይልካሉ፤ ለቅሶ ሲሆን ታክሲ ቀያይረው የሚደርሱት ሠልስት አልፎ ነው። ለቤቱ ካሳ ተተምኗል፤ አርባ ዓመት ሙሉ ሬሳችንን አብሮን ለተሸከመ ጎረቤት መተመኛው በየትኛው ሠንጠረዥ እንዳለ ቢጠቁሙን እናመሰግናለን።

ስለዚህ አባልነትዎ በሚከተለው መልክ ይጸናል። መግቢያው ገንዘብ አይደለም፤ ጉልበታቸውን ከሚያማቸው ዳኛችን ጋር ከጉልቱ እስከ ጤና ጣቢያው በእግር ይሄዳሉ፤ በሳቸው እርምጃ፣ ያውም በሐምሌ። ካርታዎን ሳያቀልሙት ይዘው ይመጣሉ። እርሳሱ በእጅዎ ይሁን፤ ላጲሱ ግን ከእድሩ ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል። አስተያየት «እንደ ግብዓት» ወስዶ በሚቀጥለው ስብሰባ መልስ ሳይዝ የመጣ አባል ይቀጣል፣ ሦስት ጊዜ የቀረም ይሰረዛል። ይህ ለሁላችንም የወጣ ደንብ ነው፤ ለርስዎ ብለን አላጠበቅነውም።

ይህን ካሟሉ መብትዎ የተጠበቀ ነው። ዕድሜዎ 10 ዓመት መሆኑን ሰምተናል። ከርስዎ በፊት የነበሩት ፕላኖች ሲሞቱ ቀባሪ አልነበራቸውም። ለርስዎ ግን ድንኳን እንጥልልዎታለን፤ የምንጥልበትን ቦታ ከተዉልን።

ከሰላምታ ጋር
የእድሩ ጸሐፊ

ግልባጭ፦
ለእድሩ ዳኛ
ለጡሩምባ ነፊያችን (ለጥንቃቄ ያህል)