በአራዳ ቢሮዎች የሾርትከት መሰወር፦ መንስኤው፣ ተጠርጣሪዎቹና ፎርማት

ከማዘጋጃ ቤት እስከ ጊዮርጊስ ባለው አካባቢ፣ «ጽሑፍ፣ ፎቶ ኮፒ፣ ላሚኔሽን» የሚል ማስታወቂያ በለጠፉ ጠባብ ክፍሎችና ከፎቅ ባሉ ቢሮዎች፣ በየጊዜው የሚደርስ አንድ ክስተት እስካሁን የሚገባውን ምሁራዊ ትኩረት አላገኘም። ጸሐፊዋ ጠዋት ኮምፒውተሯን ትከፍታለች። የዴስክቶፑ የአበባ ፎቶ እንዳለ አለ፤ የፓወር ግእዝ ሾርትከት ግን የለም። ፓወር ግእዝ ከሌለ የአማርኛ ደብዳቤ የለም፤ ደብዳቤ ከሌለ ማኅተም የሚያርፍበት የለም፤ ማኅተም ካላረፈ ደግሞ ቢሮው ለምን እንደተከፈተ ለባለጉዳይ ማስረዳት ያስቸግራል።

ምርመራው በሁሉም ቢሮ የሚጀምረው በአንድ ጥያቄ ነው፦ «ማነው የነካው?» ቀዳሚዋ ተጠርጣሪ የጽዳት ሠራተኛዋ ናቸው።

«እትዬ፣ ጠዋት ሲያጸዱ እዚህ የነኩት ነገር አለ?»

«እኔ የነካሁት አቧራውን ነው። እሱ ከጠፋ ደግሞ ደስታዬ ነው።»

ቀጥሎ ለልምምድ የመጣው ተማሪ ይጠየቃል፤ ከዚያ መብራት ኃይል በሌለበት ይከሰሳል። በመጨረሻ ከሒሳብ ክፍል ጋሼ ብቅ ብለው መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ስክሪኑን ያዩና ውሳኔ ይሰጣሉ፦ «ቫይረስ ነው። ፎርማት ይደረግ።» ይግባኝ የለውም።

ይህ ጥናት እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ብሎ የጠፋው ምን እንደሆነ ይመረምራል። ሾርትከት በ1995 እ.ኤ.አ. ከዊንዶውስ 95 ጋር ወደ ዓለም የመጣ፣ ከታች በግራ ጥጉ ትንሽ ቀስት ያለበት፣ ክብደቱ በአብዛኛው ከጥቂት ኪሎባይት የማያልፍ ፋይል ነው። በውስጡ ያለው አድራሻ ብቻ ነው። ፓወር ግእዝ ራሱ ሲ ድራይቭ ውስጥ በሰላም ተቀምጧል፤ የተሰወረው ወደሱ የሚጠቁመው ጣት ነው። ይህ ልዩነት ለጋሼ ተብራርቶላቸው «ያው ነው» ብለዋል።

መንስኤዎቹን በተመለከተ፣ እጅግ ተራው ከሁሉ ያነሰ ክብር ያለው ነው። አንድ ሰው ባዶ ቦታ ላይ ቀኝ ክሊክ አድርጎ «ቪው» ውስጥ «ሾው ዴስክቶፕ አይከንስ» የሚለውን ራይት ያነሳዋል፤ ሁሉም አይከን በአንዴ ይደበቃል። መለያው ሪሳይክል ቢን ነው፤ እሱም አብሮ ከሄደ የጠፋ ነገር የለም። የአበባው ፎቶ ጭምር ተለውጦ ኮምፒውተሩ ገና ዛሬ ከካርቶን የወጣ ከመሰለ ግን፣ ዊንዶውስ በጊዜያዊ ፕሮፋይል አስገብቶዎታል፤ እዚያ የተቀመጠ ደብዳቤ ከሂሳቡ ሲወጡ አብሮ ይጠፋል።

ቀስት ያላቸው ብቻ እየተመረጡ ሲጠፉ ነገሩ ይረቅቃል። ዊንዶውስ ኤክስፒ በየ60 ቀኑ ብቅ እያለ «ያልተጠቀምክባቸውን ልሰብስብልህ?» ብሎ በትሕትና ይጠይቅ ነበር። በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣው ዊንዶውስ ሰቨን ጥያቄውን ተወው፤ በየሳምንቱ ሲያጸዳ፣ ዴስክቶፑ ላይ መድረሻቸው የማይገኝ ሾርትከቶች ከአራት በልጠው ካገኘ ሁሉንም ይጠርጋቸዋል። የጋራ ፎልደሮቹ ያሉበት የጎረቤት ክፍል ኮምፒውተር ያን ሰዓት ጠፍቶ ከነበረ፣ ለዊንዶውስ መድረሻው የለም ማለት ነው። መብራት ኃይልን የከሰሱት ሰዎች በተዘዋዋሪ መንገድም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም።

መድረሻው የጠፋ ጠቋሚን በተመለከተ አራዳ የተለየ መመሪያ ይከተላል። ዶሮ ማነቂያ ሰፈር በ2016 ዓ.ም. ፈርሷል፤ በስሙ አቅጣጫ የሚያስረዳ ሰው ግን አልጠፋም። የአራዳ ገበያ በጣልያን ወረራ ዘመን ወደ መርካቶ ከተወሰደ ሰማንያ ዓመት አልፎታል፤ ስሙ ግን ክፍለ ከተማ ሆኖ ደመወዝ ይከፍላል። ጣልያንም በ1933 ዓ.ም. ወጥቷል፤ ታክሲ ረዳቱ ዛሬም «ፒያሳ! ፒያሳ!» ይላል። ዊንዶውስ ሰቨን ይህን ሰፈር ቢያስተዳድረው ኖሮ በመጀመሪያው ሳምንት መንገድ የሚጠየቅ ሰው ባልተገኘ ነበር።

ለጋሼ «ቫይረስ ነው» ፍርድ ማስረጃ የሚገኘው ከፍላሽ ነው። ባለጉዳዩ አቤቱታውን ይዞ ወደ ጽሑፍ ቤት ይመጣል፤ ፍላሹ ሲሰካ ፎልደሮቹ ሁሉ ሾርትከት ሆነዋል። ይህ የላይኛው በሽታ ተቃራኒ ነው፤ ጠቋሚው ቀርቶ ተጠቋሚው ተሰውሯል። ሾርትከቱን መክፈት ቫይረሱን ማስነሳት ስለሆነ፣ የጽሑፍ ቤቷ ልጅ አትነካውም። ጥቁሩን መስኮት ከፍታ «አትሪብ» ትጽፋለች፣ ኤች፣ አር እና ኤስን በመቀነስ ምልክት ታስከትላለች፣ ኢንተር ትመታለች። ፋይሎቹ ከተደበቁበት ይወጣሉ። ይህን ትምህርት ቤት አልተማረችም፤ የገጽ ዋጋም አትጨምርበትም።

ነገር ግን የዘመኑ ትልቁ የሾርትከት እልቂት የቫይረስ ሥራ አልነበረም። ዓርብ ጥር 5 ቀን 2015 ዓ.ም. ማይክሮሶፍት ለድርጅቶች የሚሸጠው ዲፌንደር በተሳሳተ ዝማኔ ምክንያት በዓለም ዙሪያ የዎርድና የኤክሴልን ጨምሮ የሠራተኞችን ሾርትከቶች ከስታርት ሜኑና ከታስክባር ሰርዞ አደረ። ኩባንያው ዝማኔውን አርሞ፣ ለታወቁ ፕሮግራሞች ሾርትከት መልሶ የሚሠራ ስክሪፕት አወጣ። ከዚህ አንጻር ከጋሼ ምርመራ የጎደለችው «ፀረ» የምትለው ቃል ብቻ ናት። ይህን ዲፌንደር ያልገዙ ቢሮዎች ያን ቀን በሰላም ውለዋል፤ ጥናቱ ከዚህ ምንም ዓይነት መመሪያ ማውጣት አይፈልግም።

ጉዳት የሚያደርሰው ግን ፎርማቱ ነው። ዴስክቶፕ የሚባለው በአብዛኛው ኮምፒውተር ሲ ድራይቭ ውስጥ ያለ ፎልደር ነው። ጸሐፊዋ «እንዳይጠፋብኝ» ብላ ዴስክቶፕ ላይ ያስቀመጠችው የሦስት ዓመት ደብዳቤ፣ ቃለ ጉባኤና የደመወዝ ሠንጠረዥ ያለው እዚያው ነው። ጥቂት ኪሎባይት አድራሻ ለመመለስ ሲ ሲጠረግ አድራሻው ይመለሳል፤ ቃለ ጉባኤው አይመለስም። ያኔም ጥፋቱ የሚመዘገበው በቫይረሱ ስም ነው።

ስለዚህ አይከን የጠፋብዎት አንባቢ፣ በቅድሚያ ሪሳይክል ቢኑን ይፈልጉ። እሱም ከሌለ «ቪው» ውስጥ ያለውን ራይት ይመልሱ፤ ቢኑ ካለ ደግሞ የፕሮግራሙን ስም ስታርት ሜኑ ላይ ጽፈው አዲስ ሾርትከት ያውጡ። ፎርማት የሚያደርገው ልጅ ተጠርቶ ደርሶ ከሆነም፣ ከመጀመሩ በፊት ዴስክቶፑ ላይ ያለውን ሁሉ ፍላሽ ላይ ይገልብጥልዎ፤ ፍላሹ የባለጉዳይ እንዳይሆን ብቻ ይጠንቀቁ።