የተለዋጭ መንገድ ጠባይና ልማድ፤ ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ ቤቴዝዳ የተደረገ ጥናት

ተለዋጭ መንገድ ማለት ሰውን ካሰበበት የማያደርስ፣ ከመሄድም የማያግድ መንገድ ነው። ይህ ብያኔ የተገኘው በሜሪላንድ ክፍለ ግዛት፣ በሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ ቤቴዝዳ ባለው ክልል ከተደረገ የመስክ ምልከታ ነው። መረጃው የተሰበሰበው አጥኚው በብስክሌት ሥራ ሲገባና ከሥራ ሲወጣ ሲሆን፣ የውሎ አበል አልተከፈለም። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ አንድ ቦታ ላይ ብቻ፣ ለግንባታው ሰዎች ክብር ሲባል፣ ወደ ራሳችን አቆጣጠር እንመለሳለን።

የጥናቱን ዳራ ለመረዳት ከባቡር መነሣት ያስፈልጋል። የጆርጅታውን ቅርንጫፍ የሚባለው የሐዲድ መስመር በ1910 ተጠናቆ፣ ለዋሽንግተኑ የጆርጅታውን ሰፈር ድንጋይ ከሰልና ሌላም ጭነት ሲያደርስ ኖሮ፣ በ1985 የመጨረሻው ባቡር አለፈበት። ባቡር የተወው መሬት ለማን ይሁን የሚለው ጥያቄ በአሜሪካ ያን ጊዜም አዲስ አልነበረም። በ1983 የወጣ የፌዴራል ሕግ ብልሃት አበጅቶለታል፤ ሐዲዱ ይነቀልና መሬቱ ለእግረኛና ለብስክሌት መሄጃ ይሁን፣ መስመሩ ግን እንደሞተ አይቆጠር፣ ባቡር አንድ ቀን ልመለስ ቢል ቦታውን ያገኛል። በአጭሩ መሬቱ የአደራ ዕቃ ነው። ብስክሌተኛው ባለአደራ ነው፤ ባለቤቱ ደግሞ ሩቅ አገር እንደሄደ ዘመድ ይመጣል አይመጣም የማይባል ባቡር ነው።

ካውንቲው በክልሉ ያለውን መሬት በ1988 በ10.5 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። ከቤቴዝዳ ወደ ጆርጅታውን የሚወርደው 7 ማይል ያህል አስፋልት ለብሶ ካፒታል ክሬሰንት የሚል ስም ወጣለት። ከቤቴዝዳ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚሄደው ግን ደቃቅ ጠጠር ተደፋበትና በይፋ ስሙ ላይ «ጊዜያዊ» የሚል ቅጽል ተጨመረለት። አንባቢ ይህን ይያዝልን። ሰዉ ልጁን በጋሪ የገፋበት፣ ውሻውን ያናፈሰበት፣ የጎልፍ ሜዳ መሐል ሰንጥቆ የሚያልፈው ያ ጥላማ መንገድ ከክርስትናው ጀምሮ ጊዜያዊ ነበር። ስለዚህ መንገዱ ኋላ ሲዘጋ ብስክሌተኛው የተፈናቀለው ከቋሚ ወደ ጊዜያዊ አይደለም፤ ከጊዜያዊ ወደ ጊዜያዊ ነው። ዋናው ግኝት ይኸው ስለሆነ፣ የቸኮለ አንባቢ ወራጅ አለ ብሎ እዚህ ጋ መውረድ ይችላል።

ባለቤቱ የመጣው በ2017 ነው። ፐርፕል ላይን የተባለው ቀላል ባቡር፣ ከቤቴዝዳ እስከ ኒው ካሮልተን 16 ማይል ከ21 ጣቢያ ጋር፣ በኦገስት መጨረሻ ግንባታው ተጀመረ፤ ሴፕቴምበር 5 ቀን የጠጠሩ መንገድ ተዘጋ። በእኛ ጳጉሜን ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው ማለት ነው፤ ዕቃ ለመመለስ ከዓመቱ መጨረሻ የተሻለ ጊዜ የለም። ከዚያ በፊት ነገሩ ለዓመታት በክርክር ተይዞ፣ ፍርድ ቤትም ደርሶ ነበር። በክርክሩ ከተነሡት ባለጉዳዮች አንዱ በሮክ ክሪክ ወንዝ አካባቢ ባሉ ምንጮች ውስጥ የሚኖር፣ ዐይን የሌለው፣ ቀለም የሌለው፣ ርዝመቱ ከአንድ ሳንቲ ሜትር የማይበልጥ የውሃ ፍጥረት ነው። በግንባታው መስመር ላይ ይገኝ እንደሆነ ተብሎ በውሃ ውስጥ ሲፈለግ ነበር። ብስክሌተኛው ዐይን አለው፣ ቀለምም አለው፣ በርዝመትም ይሻላል። ሳይፈለግም ይገኛል። ይሁን እንጂ ሊጠፉ የተቃረቡ ፍጥረታት መዝገብ ላይ ስላልሰፈረ በማስረጃነት አልቀረበም።

ባቡሩ በ2022 ሥራ ይጀምራል ተብሎ ነበር። በ2020 ዋናው ተቋራጭ በገንዘብ ጉዳይ ከክፍለ ግዛቱ ጋር ተጣልቶ ሥራውን ጥሎ ወጣ፤ በ2022 ሌላ ተቋራጭ ተፈራረመ፤ የኋለኛው ቀጠሮ ደግሞ ከ2027 መጨረሻ እስከ 2028 መጀመሪያ ባሉት ወራት ሆነ። ላይ ላዩን ለሚያይ ሰው ይህ መዘግየት ይመስላል፤ በአካባቢውም ብዙ ሰው በዚሁ ስሕተት ላይ ነው። አጥኚው ግን ቀኑን ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ቢመልሰው 2020 ዓ.ም. ሆኖ አገኘው። በ2022 አልቃለሁ ብሎ በ2020 የሚያልቅ ፕሮጀክት ሁለት ዓመት ቀድሟል እንጂ አልዘገየም። እንዲህ ያለ አፈጻጸም አገር ቤት ቢታይ ሪባን ለመቁረጥ ግፊያ ይሆን ነበር።

ስለ ትዕግሥት ከተነሣ አይቀር፣ ቤቴዝዳ ስሟን ያገኘችው እዚያ ከነበረ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑም የተሰየመው መጻጉዕ 38 ዓመት በበሽታ ሲማቅቅ በተገኘባት መጠመቂያ ነው። ካውንቲው መሬቱን ከገዛበት ጊዜ ጀምሮ ባቡሩ ይገባል እስከተባለበት ድረስ ቢቆጠር 39 ዓመት ይሆናል። መጻጉዕ በአንድ ዓመት ተበልጧል።

አሁን ወደ ምልክቶቹ እንግባ፤ ይህ ራሱን የቻለ ዘርፍ ነው። አሜሪካ ከ1935 ጀምሮ የመንገድ ምልክቶቿን በአንድ ወጥ መመሪያ ታስተዳድራለች፤ 11ኛው እትም በ2023 መጨረሻ ወጥቷል። የምልክት መለያ ቁጥሩ፣ ቀለሙና ልኩ እዚያ ተወስኖ ይገኛል። ጊዜያዊ ሥራን የሚያመለክቱት ብርቱካናማ ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ ኤም 4-9 የሚባለው ተለዋጭ መንገድ በየት በኩል እንደሆነ በቀስት ያሳያል፤ ኤም 4-8ኤ ደግሞ ተለዋጩ መንገድ ማብቃቱን ያበሥራል። የመጀመሪያው በየማዕዘኑ ሞልቷል። ሁለተኛው ሥዕሉ መመሪያው ውስጥ አለ፤ በጥናቱ ክልል ግን በዐይን አልታየም። አንዳንድ የሥነ መለኮት ሰዎች ለማይታይ ነገር ይህን ያህል ዝርዝር ልክ መውጣቱን ቢያዩ ደስ ይላቸው ነበር።

ምልክት በመመሪያው ላይ ያለው ጠባይና መንገድ ላይ ያለው ጠባይ አንድ አይደለም። ብረት እግሩ ላይ የአሸዋ ከረጢት ተጭኖለት የቆመ ቀስት ሌሊት ነፋስ ሲመታው ይዞርና ጠዋት ሰውን ወደ አንድ የግል ግቢ ይመራል። በግቢው ያለው ውሻ ከኤም 4-9 ይልቅ ግልጽ ምልክት ይሰጣል። እግረኛ መንገዱ ተዘግቷል የሚለው ሰሌዳ ደግሞ የሚተከለው እዚያው እግረኛ መንገዱ ላይ ስለሆነ፣ ሌላ ምንም ሥራ በሌለበት መንገዱን የዘጋው ሰሌዳው ብቻ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ከሁሉም የሚከብደው ከብስክሌት ወርደው ይግፉ የሚለው ነው። አንዳንዴ ከመግፋትም አልፎ ደረጃ ይመጣል። መጻጉዕ አልጋውን ተሸክሞ የሄደው ከዳነ በኋላ ነበር፤ ብስክሌተኛው ግን ገና ሳይድን ይሸከማል።

ስልክ ይረዳል የሚል መላምት ነበር፤ ውድቅ ሆኗል። ከስልኩ የምትናገረው ሴት መንገዱ መዘጋቱን ማንም አልነገራትም፤ ተዘግቷል ብለው ቢከራከሯትም በዚያው በተረጋጋ ድምፅ ቀጥ ብለህ ሂድ ትላለች። ቀጥ ብሎ የሚገኘው የሽቦ አጥር ነው፤ ከአጥሩ ማዶ እስካቫተር ቆሟል፤ እስካቫተሩ ውስጥ ሰው የለም። ባንዲራ ያዡ የሚባለው የትራፊክ አስተናባሪ ግን አለ። በአንድ በኩል ቁም፣ በሌላ በኩል ቀስ በል የሚል ዱላ ይዞ ቆሟል። መኪና ሲመጣ ቁም ያለውን ያዞርለታል፤ ብስክሌት ሲመጣ የትኛውን እንደሚያዞር ግራ ይገባውና ዱላውን በጎኑ ይይዘዋል። ከእሱ ቀጥሎ መንገዱ በተቆፈረበት ላይ የተነጠፉት የብረት ዝርጎች ይመጣሉ። በደረቅ ቀን ጎማ ሲያልፍባቸው ደግ ድምፅ ይሰጣሉ። በዝናብ ቀን ግን ፍሬን የያዘ ሰው ብስክሌቱ ወደ ግራ፣ እሱ ወደ ቀኝ ሲሄዱ ያያል፤ ተለዋጭ መንገድ ለሁለት ሲከፈል የሚታየው እዚህ ጋ ነው።

ዳገቱም መጠናት አለበት። ባቡር ዳገት አይወድም፤ ስለዚህ ሐዲድ የሚዘረጉ ሰዎች ኮረብታውን ቆርጠው፣ ሸለቆውን ሞልተው፣ ወንዙን በድልድይ ዘለው መሬቱን ያስተካክሉታል። የሐዲድ መሬት ላይ የተሠራ የብስክሌት መንገድ ለጉልበት የሚመቸው ከዚህ የተነሣ ነው። በአንጻሩ ተለዋጩ መንገድ የሚያልፍባቸውን ጆንስ ሚል ሮድንና ጆንስ ብሪጅ ሮድን የሠራቸው ሰው ስለ ባቡር ምንም አላሰበም። ወደ ሮክ ክሪክ ሸለቆ ቁልቁል ወርዶ እንደገና ሽቅብ መውጣት አለ፤ ዳገቱ አናት ላይ አብዛኛውን ጊዜ ቀይ መብራት ይጠብቃል። ሥራ ቦታ ላብ በላብ ሆኖ የገባ ሰው ስብሰባ ላይ ቢጠየቅ የሚሰጠው መልስ ባቡር ላብ አያልበውም የሚል ብቻ ነው።

መንገድ ፍለጋ የሒሳብም ጥያቄ ነው፤ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ኦይለር የተባለው የሒሳብ ሊቅ በኮኒግስበርግ ከተማ የነበሩትን ሰባት ድልድዮች፣ እያንዳንዱን አንድ ጊዜ ብቻ እየተሻገሩ መጨረስ እንደማይቻል አረጋግጧል። ሊቁ ዕድለኛ ነበር፤ ድልድዮቹ ክፍት ነበሩ። ድልድይ ካነሣን፣ እዚሁ መስመር ላይ የታልቦት አቬኑ ድልድይ ነበር። በ1918 የተሠራ፣ ጠባብ፣ ወለሉ እንጨት። ሊተንስቪል የሚባለውን፣ በ1853 አንድ ነጻ ጥቁር ሰው መሬት ገዝቶ የጀመረውን ሰፈር፣ ከሐዲዱ ማዶ ካለው ሲልቨር ስፕሪንግ ጋር ያገናኝ ነበር። ማዶው ለነጭ ብቻ በነበረበት ዘመን የሰፈሩ ሰው ወደ ሥራም ወደ ገበያም በእሱ ይሻገር ነበር። በ2019 ለባቡሩ ሲባል ፈረሰ፤ በቦታው የገባው አዲሱ ድልድይ ሰፊና ጠንካራ ነው። ስለ አሮጌው አጥኚው የሚሸሙጠው ነገር የለውም።

ቃለ መጠይቅም ተደርጓል። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ከአገር ልጅ ጋር ሳይገናኙ አንድ ጎዳና መጨረስ ስለማይቻል መረጃ ሰጪ ለማግኘት አልተቸገርንም። ነጠላ ያጣፉ አንዲት እናት መብራት ላይ አጥኚውን ከነሄልሜቱ ከላይ እስከ ታች አዩትና «ምነው ልጄ፣ መንጃ ፈቃድህን ነጠቁህ እንዴ?» አሉት።

«አይ እማማ፣ ለጤና ብዬ ነው።»

«ውይ! ምንህን አመመህ?»

ሌላ ምላሽ ከመዘጋጀቱ በፊት «በል ይማርህ» ብለው ተሻገሩ። ይህ ምላሽ በጥናቱ ከተሰበሰቡት ሁሉ ጠቃሚው ነው፤ ምክንያቱም አበሻ ብስክሌት ላይ ሲታይ ወይ ፈቃዱን የተነጠቀ፣ ወይ መኪናው ጋራዥ የገባ፣ ወይ የታመመ ነው የሚለውን ነባር ንድፈ ሐሳብ ያጠናክራል። በጠባብ ልብስ ተወጥሮ፣ የብዙ ሺህ ዶላር ብስክሌት ላይ አቀርቅሮ «በግራህ!» እያለ የሚያልፈውን ፈረንጅ ግን ማንም ይማርህ አይለውም።

ስለ ቀጠሮ አክባሪነት ማነጻጸሪያ ሲፈለግ የተገኙት ሲኬዳ የሚባሉት ነፍሳት ናቸው። የዚህ አካባቢዎቹ 17 ዓመት መሬት ውስጥ የዛፍ ሥር እየመጠጡ ይኖሩና በአንድ ሰሞን፣ በግንቦት፣ ሁሉም አብረው ይወጣሉ። በ2004 ወደ አፈር ሲገቡ የጠጠሩ መንገድ ክፍት ነበር። በ2021 በቀጠሯቸው ሲወጡ መንገዱ ዝግ ነበር፤ አንዳንዶቹም ያደጉበት ዛፍ ለግንባታው ስለተቆረጠ ጨርሶ አልወጡም። የወጡት ዛፍ ላይ ሆነው እስኪበቃቸው ጮኹ። ከብስክሌተኞች ማኅበር አቤቱታ ጋር ሲተያይ ድምፃቸው የበለጠ ተሰምቷል። የሚቀጥለው ቀጠሯቸው 2038 ነው፤ እነሱ ደግሞ ቀን አይቀይሩም።

የጥናቱ ውስንነት ግልጽ ነው። አጥኚው የሥራ ሰዓት ስላለበት የተዘጋውን ሁሉ እስከ መጨረሻው ተከትሎ አልሄደም፤ በክረምት በረዶ ሲጥልም በአውቶቡስ ሄዷል፤ አውቶቡሱም ተለዋጭ መንገድ ላይ ነበር። ምክረ ሐሳቡ አንድ ነው፤ ኤም 4-8ኤ ይተከል። የት እንደሚተከል አያሳስብም፤ መኖሩ ብቻ ይበቃል።

በዕቅዱ መሠረት ሥራው ሲያልቅ የብስክሌቱ መንገድ ከባቡሩ ጎን ተነጥፎ፣ 12 ጫማ ስፋት ኖሮት፣ በዚህ ጊዜ «ጊዜያዊ» የሚለው ቅጽል ተነሥቶለት ይመለሳል። እስከዚያው ከቤቴዝዳ ወደ ጆርጅታውን የሚወርደው አስፋልት አለላችሁ፤ ጥላ አለው፣ ወንዝ ያሳያል፣ ዳገትም የለበትም። እሱም በዚያው በ1983ቱ ሕግ በአደራ የተያዘ የባቡር መሬት ነውና፣ ለመሄድ ያሰባችሁ ካላችሁ ቶሎ ሂዱ።