አንድ ሰዓት ከሁለት ደቂቃ

ከአሰላ ወደ በቆጂ በሚወጣው ሚኒባስ ውስጥ ረዳቱ ሒሳብ ሲቀበለኝ እግሬ ላይ ያለውን የሩጫ ጫማ አየና፣ «ብራዘር፣ ስንት ትገባለህ?» አለኝ።

«አንድ ሰዓት ከሁለት ደቂቃ» አልኩት። እውነቴን ነው። ባለፈው ኅዳር ታላቁ ሩጫን የጨረስኩት በዚሁ ሰዓት ነው። ወደ በቆጂ የሚያስኬደኝም እሱው ነው፤ ከአንድ ሰዓት በታች መግባት አምሮኛል።

ረዳቱ ርቀቱን አልጠየቀኝም። በዚያ መንገድ ላይ አንድ ሰዓት ከሁለት ከተባለ ግማሽ ማራቶን ነው፤ ማለትም 21 ኪሎ ሜትር፣ እያንዳንዷን ኪሎ ሜትር ከሦስት ደቂቃ በታች እያስቆጠሩ። የታላቁ ሩጫ ርቀት ደግሞ 10 ኪሎ ሜትር ነው። ረዳቱ ለሾፌሩ ነገረው። ሾፌሩ በመስታወቱ አየኝ። አጠገቤ የነበሩት እናት ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ «እግርህን ዘርጋ ልጄ፣ እንዳይተሳሰርብህ» አሉኝ። ዘረጋሁ።

የበቆጂ ሰው ስለ ሰዓት ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ 10,000 ሜትር አሸንፋ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሆነች። ፋጡማ ሮባ በ1988 የአትላንታን ማራቶን ወሰደች። በ2000 ቤጂንግ ላይ የ5,000 እና የ10,000 ሜትር ወርቅ አራት ነበር፤ የወንዶቹን ሁለቱንም ቀነኒሳ በቀለ፣ የሴቶቹን ሁለቱንም ጥሩነሽ ዲባባ ወስደው ለቀሩት ሯጮች ብርና ነሐሱን ተዉላቸው። ሁሉም የዚሁ አካባቢ ልጆች ናቸው። በቆጂ ውስጥ ሰዓት እንደ አባት ስም ይጠየቃል።

ሆቴል ስደርስ ወሬው ቀድሞኝ ገብቷል። አስተናጋጇ ያላዘዝኩትን ጭኮ ከነቅቤው አቀረበችልኝና፣ «ለሯጭ ጥሩ ነው» አለች። ለሯጭ ጥሩ መሆኑን አልተከራከርኩም።

የመጣሁት ለከፍታው ነበር። በቆጂ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚያም ቢሆን የኦክስጅን ድርሻ እንደ ጅቡቲ ወደብ 21 በመቶ ነው፤ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ግን ሳንባ በአንድ ትንፋሽ የሚደርሰው ያንሳል። ሰውነት ይህን ለማካካስ ቀይ የደም ሴል ያበዛል። ምርቱ ግን ሳምንታት ይፈጃል፤ እኔ ደግሞ ከመሥሪያ ቤት ያስፈቀድኩት ከቅዳሜና እሑድ ጋር የሚገናኝ አንድ ቀን ብቻ ነው። አዲስ አበባም ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ሒሳቡን ለሚሠራ ሰው፣ ያን ሁሉ መንገድ የሄድኩት ለ500 ሜትር ነው።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ባሕር ዛፉ ውስጥ ከከተማዋ ወጣት ሯጮች ጋር ተቀላቀልኩ። ቀኑ የሶምሶማ ነበር። መሪው በዛፎቹ መሐል እየተጠማዘዘ ይሮጣል፤ ሌላው በአንድ መስመር የፊተኛውን እርምጃ እየተከተለ ይነጉዳል። መሬቱ ለስላሳ ስለሆነ እግር አይጎዳም፤ መጠማዘዙም ለመፍጠን አያመችም። ዝግታቸው አስገረመኝ። እየሮጡ ስለ ኳስ ይከራከራሉ።

አጠገቤ የተመደበው ልጅ አሥራ አራት ዓመት ቢሆነው ነው።

«ጋሼ፣ አሠልጣኝዎ ማን ነው?»

ዝም።

«ቀጣይ ውድድርዎ የት ነው?»

ዝም። መናገርና መተንፈስ አንድ ላይ አልሆን ብሎኝ ነው፤ እሱ ግን ዝምታዬን የትልቅ ሯጭ ምስጢር አድርጎ ወሰደው። ከዚያ ዓይኑ የእጅ ሰዓቴ ላይ ዐረፈ። የልብ ምት፣ 181።

«ጋሼ፣ ሰዓትዎ ተበላሽቷል።»

«አልተ… በላሸም።»

ጥቂት ዛፎች ዞርን።

«ያ አንድ ሰዓት ከሁለት… የስንት ኪሎ ሜትር ነው?»

«የ10።»

ልጁ ጨዋ ነው፣ አልሳቀም። አቀርቅሮ ጥቂት ካሰበ በኋላ፣ «ዋናው ጤና ነው» አለኝ። ወዲያው መሪው ዙሩን አከረረው። ልጁም «ይቅርታ ጋሼ» ብሎ ከሌሎቹ ጋር ከዓይኔ ተሰወረ።

ቁርስ ላይ ጭኮ አልመጣም።

ከወጣቶቹ አንዱ ግን ሻይ ሊጋብዘኝ መጣ። «ዛሬ ለእኛ የእረፍት ያህል ነው» አለኝ። «እርስዎ ግን ተወዳደሩ። ከባዱ ቀን ሲመጣ በምን ጉልበት ሊሮጡት ነው?»

ከዚህ በኋላ ስለ ከፍታ የጠየቀኝ የለም፣ እኔም አላነሳሁም። አዲስ አበባ ውስጥ ብዙዎቻችን ሰዓታችን አልሻሻል የሚለን ወጣቱ በተናገረው ምክንያት ነው። ጠዋት መስቀል አደባባይ ደረጃው ላይ አንድ የማናውቀው ሰው ካለፈን ሶምሶማው ቀርቶ ፍልሚያ ይጀመራል። ቀላሉ ቀን ከባድ ይሆናል፤ ከባዱ ቀን ሲደርስ ደግሞ እግር ደክሞ ይገኛል። ዓመቱን ሙሉ በመካከለኛ ፍጥነት እንደክማለን፤ ኅዳር ላይም በዚያው በመካከለኛው እንገባለን። የበቆጂ ልጆች መፍጠን በሚገባቸው ቀን የሚፈጥኑት፣ በቀረው ቀን ለመዝገም ስለማያፍሩ ነው።

ስለዚህ ሰዓት ማሻሻል የምትፈልጉ ሁሉ፣ ከሳምንቱ ሩጫችሁ አብዛኛውን ከጎናችሁ ካለ ሰው ጋር እያወራችሁ ሩጡ። ማውራት ካቃታችሁ ቀንሱ። ወሬ ካለቀባችሁም ስለ ምንም አውሩ፣ ስለ ሰዓታችሁ ብቻ አታውሩ።