«አይቶ ዘጋኝ»

ላስት ሲን በዋትስአፕና በቴሌግራም ላይ ከሰው ስም ሥር የምትታይ አጭር መስመር ናት፤ ባለስሙ መተግበሪያውን መጨረሻ የከፈተበትን ሰዓት ትናገራለች። ሥራዋ ይኸው ብቻ ነው። አበዳሪን ከተበዳሪ፣ እጮኛን ከእጮኛ፣ የዕቁብ ዳኛን ከዕቁብተኛ በማጣላት ግን የሚስተካከላት የለም።

ነገሩ ከጥንስሱ እንዲህ ነበር። ጃን ኩም ያደገው ስልክ ይጠለፋል ተብሎ በሚፈራበት የሶቪየት ዘመን ዩክሬን ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ዋትስአፕን ሲጀምር ግን ሐሳቡ መልእክት መላላክ አልነበረም፤ «ስብሰባ ላይ ነኝ»፣ «ባትሪዬ ሊያልቅ ነው» ዓይነት ማስታወቂያ ከስም አጠገብ መለጠፍ ነበር። ጠላፊ ከሚፈራበት አገር የወጣ ሰው ሁሉም ራሱን የሚያሳብቅበትን ሰሌዳ ሠራ። በኅዳር 2014 መልእክት መነበቡን የሚያሳዩት ሰማያዊ ምልክቶች ተጨመሩ፤ «አላየሁትም» የሚለው የተከበረ ሰበብም ያኔ አረፈ።

ከዚያ ወዲህ የምርመራ ጥበብ አድጓል። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ኦንላይን የታየ ሰው እንቅልፍ አጥቶ ሊሆን ይችላል፤ መርማሪው ግን ይህን አይቀበልም። የሌላ ተጠርጣሪ ላስት ሲን ይፈተሻል፤ ሁለቱ በሦስት ደቂቃ ከተቀራረቡ ፍርዱ ተሰጥቷል። ስክሪንሾት ይነሳል፤ ለጓደኛ ይላካል፤ ጓደኛም ትመረምራለች። ጠዋት «ደህና አደርክ?» የሚባለው ተከሳሹ እንዴት እንዳደረ ከታወቀ በኋላ ነው።

መስመሯን መደበቅ ይቻላል። ዋጋው ግን የራሱን የደበቀ የሌላውን አለማየቱ ነው። የሚያናድደውም እዚህ ላይ ነው፦ ምስጢሬ ተወሰደ ብሎ የዋትስአፕን ባለቤት ኩባንያ የሚመራውን ዙከርበርግን የሚረግም ሰው ይህችን ዋጋ አይከፍልም። በ2021 መጀመሪያ ዋትስአፕ የግላዊነት ደንቡን እቀይራለሁ ሲል ብዙ ሕዝብ ወደ ቴሌግራም ጎረፈ። የዋትስአፕ መልእክት ከላኪና ከተቀባይ በቀር ማንም እንዳያነበው ከ2016 ጀምሮ የተቆለፈ ነው፤ የቴሌግራም ተራ ጭውውት ግን እንዲህ አይቆለፍም፤ ለዚያ «ሚስጥራዊ ቻት» ለብቻው መከፈት አለበት። ስደተኛው ይህን አልጠየቀም። ሰተት ብሎ እንደገባ ያጣራው የቀድሞ ፍቅረኛው መግባት አለመግባቷን ነው። ይህ ሰው ግላዊነት አልተነጠቀም፤ በጉርሻ ሸጦታል፤ ጉርሻዋም የሌላ ሰው ሰዓት ናት!

ያም ሆኖ ልጇ ሪያድ ወይም ቤይሩት ሰው ቤት የምትሠራ እናት ነገሩን በሌላ ዓይን ታየዋለች። አሠሪዎቹ ስልክ ማንሳት በማይፈቅዱባቸው ቀናት ያቺ መስመር «አለሁ» ማለት ናት። ለእሷ ላስት ሲንን ደብቂ ብሎ መምከር አይቻልም።

ከነሐሴ 2022 ወዲህ በዋትስአፕ ኦንላይን መሆንንም መሰወር ተፈቅዷል። ቦታው ሴቲንግ ውስጥ፣ ፕራይቬሲ ሥር ነው። ላስት ሲን «ከእነ እገሌ በቀር» የሚል ምርጫም ስላለው ጠያቂ አክስቶችን በዚያ ማስቀረት ይቻላል፤ የአክስቶቹ ላስት ሲንም አብሮ ይጠፋል።